ዩሪያ ስጨምር ምርቱ ጭራሽ እየቀነሰ ነው፣ የአፈር አሲድ ላይ ልምድ ያላችሁ እርዱኝ

ማሳው_ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁም፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። አንድ ማሳ ላይ 9 አመት ሰርቻለሁ፣ 2 ሄክታር አካባቢ ነው፣ በብዛት ስንዴና ገብስ አንዳንዴ ባቄላ። የመጀመሪያዎቹ አመታት ምንም አይልም ነበር፣ ከዛ ቀስ እያለ ምርቱ ወረደ፣ እኔም ማዳበሪያ አንሶት ነው ብዬ ዩሪያ ጨመርኩ፣ ማዳበሪያ የሚሸጥልኝ ሰውም ጨምር ነው የሚለኝ፣ አሁን በሄክታር 2 ኩንታል ደርሻለሁ። አንድ ሁለት አመት የተሻለ መሰለኝ ከዛ ግን ባሰበት። ገብሱ ገና ቡቃያ እያለ ይቀጭጫል፣ የታችኛው ቅጠል ጫፉ ወይን ጠጅ ነገር ይሆናል። ባቄላው ቢጫ ሆኖ ይቀራል። አንድ የማይገባኝ ነገር ደግሞ ዝናብ 10 ቀን ካቋረጠ ከአጎራባቾቼ ማሳ ሁሉ ቀድሞ የሚጠወልገው የኔ ነው፣ ዝናቡ እኮ አንድ ነው!

አፈሩን ላብራቶሪ ወስጄ ፒኤች (የአሲድ መለኪያው፣ ቁጥሩ ዝቅ ሲል አሲዱ ይበዛል) 4.2 ብለው ሰጡኝ። ሰው ሁሉ ኖራ ጨምር ይለኛል ግን ስንት? አንዱ በሄክታር 10 ኩንታል ይላል ሌላው 50 ይላል። ከ4.2 ወደ 6.5 ለማድረስ ስንት ኩንታል ነው? ቀላል መልስ ያለው ሰው ካለ በጣም አመሰግናለሁ።

ጥያቄ_አለኝ፦
እኔም የምፈልገው ጥያቄ ነው እከታተላለሁ። በዛውም፣ አፈር ላይ ሆምጣጤ አፍስሰህ ካልፈላ አሲድ ነው የሚባለው እውነት ነው? እኔ ሞክሬ አልፈላም።

የላብ_ልጅ፦
ሰላም ማሳው_ዳር። ኖራ ከማሰብህ በፊት አንድ ነገር እይልኝ፣ ወረቀቱ ላይ ፒኤች የተለካው በውሃ ነው ወይስ በፖታሲየም ክሎራይድ ጨው ውሃ? ብዙ ሰው ይሄን አያየውም። አንድ አይነት አፈር በጨው ውሃ ሲለካ በተራ ውሃ ከሚለካው ብዙ ጊዜ ከግማሽ እስከ 1 ነጥብ ዝቅ ብሎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ 4.2 በጨው ከሆነ በውሃ 5 አካባቢ ልትሆን ትችላለህ፣ 4.2 በውሃ ከሆነ ግን በጣም ከባድ ነው። በመፅሀፍና በኢንተርኔት ላይ የምታነበው "ለስንዴ ይሄን ያህል፣ ለባቄላ ይሄን ያህል" የሚለው ደግሞ አብዛኛው በውሃ የተለካውን ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ናሙናውን እንዴት ወሰድክ? ከስንት ቦታ? በምን እቃ?

ጥያቄ_አለኝ፣ ሆምጣጤው የሚፈላው አፈሩ ውስጥ ካርቦኔት ማለትም የኖራ ድንጋይ ካለ ነው። አለመፍላቱ ካርቦኔት የለውም ከማለት አያልፍም፣ ፒኤች 6.5 የሆነ በጣም ጤነኛ አፈርም አይፈላም። በሱ ተነስተህ ኖራ እንዳትገዛ አደራ።

ማሳው_ዳር፦
እህቴ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ወረቀቱን አውጥቼ አየሁት፣ ከታች በትንሽ ፅሁፍ ፖታሲየም ክሎራይድ ይላል። አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ናሙናውን ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ ከ4 ቦታ ነው የወሰድኩት፣ አንዱ በፊት ፍግ እንከምርበት የነበረበት ጥግ ነው፣ የያዝኩበት ባልዲ ደግሞ አመድ የምናወጣበት ነበር ግን አራግፌው ነው።

የላብ_ልጅ፦
እንደገና ውሰድ በቃ። ከልቤ ነው። ባልዲ ላይ የቀረች አንድ እፍኝ አመድ ግማሽ ኪሎ አፈርን መቀየር ትችላለች፣ የፍጉ ጥግ ደግሞ የማሳህ አፈር አይደለም የፍግ አፈር ነው። ማሳውን እየተጠማዘዝክ ሂድ፣ ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ ከላይ እስከ 20 ሳንቲሜትር እኩል ውፍረት ያለው ቁራጭ ውሰድ፣ ንፁህ ፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ አደባልቀው፣ ከዛ ግማሽ ኪሎ ብቻ ጥላ ስር አድርቀህ ላክ። ከዛፍ ስር፣ ከመንገድ ዳር፣ ውሃ ከሚተኛበት አትውሰድ። ቁልቁለትና ሜዳው የተለያየ አፈር ከሆነ ለየብቻ አድርጋቸው። እና ስትሰጣቸው ፒኤች ብቻ ሳይሆን "ኤክስቼንጀብል አሲዲቲ" (አፈሩ ይዞት ያለው፣ ሊለቀው የሚችለው አሲድና አሉሚኒየም) ለኩልኝ በል፣ የኖራውን መጠን የሚነግርህ እሱ ነው። ፒኤች ትኩሳት እንዳለህ ነው የሚነግርህ፣ ስንት ኪኒን እንደሚዋጥ አይናገርም።

ጋሽ_ሞፈር፦
ልጆቼ እንደምን ዋላችሁ። እኔ በዚህ ነገር የተቃጠልኩ ሰው ስለሆንኩ ልናገር። የዛሬ 12 አመት ገደማ ኖራ አመጣሁና ስንዴው ሊዘራ አንድ ሳምንት ሲቀረው ከላይ በተንኩት፣ ሳላርሰው ዝናብ ያስገባዋል ብዬ። በዚያ አመት ምንም ለውጥ የለም። በሚቀጥለው አመትም የለም ማለት ይቻላል። ተናድጄ በአካፋ ቆፈርኩት፣ ኖራው እዚያው ላይኛዋ ሁለት ሶስት ጣት አፈር ውስጥ ነጭ መስመር ሰርቶ ተኝቷል፣ ከስሩ ያለው አፈር እንደነበረ ነው። ኖራ በራሱ እግር የለውም፣ አፈሩ ውስጥ የምታስገባው አንተ ነህ።

ሌላም ልንገራችሁ፣ ያን ጊዜ ጆንያዎቹን ያራገፍንበት አንድ ጥግ አለ፣ እዚያ ኖራው ፈስሶ ወፍራም ሆኖ ቀረ። በሁለተኛው አመት በቆሎ ዘራሁ፣ እዚያች ጥግ ላይ ብቻ በቆሎው ቅጠሉ ግራና ቀኙ ነጣ ያለ ቢጫ መስመር ሰርቶ ወጣ፣ ሌላው ማሳ አረንጓዴ ነው። ባለሙያ ሲያየው ዚንክ ነው አለኝ፣ ኖራው በዝቶ ዚንኩን ይዞበታል። ስለዚህ አንሶም ይጎዳል በዝቶም ይጎዳል።

ስር_ሰደድ፦
ጋሼ እናመሰግናለን፣ ሁለቱም ያነሱት ነገር ዋና ነጥብ ነው።

ማሳው_ዳር እስኪ አንድ ነገር አድርግልኝ፣ ከላብ ውጤት በፊት በነፃ የሚሰራ ነው። አካፋ ይዘህ ሂድና የቀጨጨው ገብስ አጠገብ 40 ሳንቲሜትር የሚሆን ጉድጓድ ቆፍር፣ ግድግዳውን በቢላ አፅዳው፣ ከዛ ስሩ እስከ የት እንደወረደ እይ። ዝናብ ሲቋረጥ ቀድሞ የሚጠወልገው ለምንድነው ላልከው መልሱ እዛ ጉድጓድ ውስጥ ነው ብዬ ነው የምገምተው።

ምክንያቱን ልንገርህ። ፒኤች በውሃ ተለክቶ ከ5.5 በታች መውረድ ሲጀምር ችግሩ አሲዱ ራሱ ብቻ አይደለም፣ አሉሚኒየሙ ነው። አሉሚኒየም በየትኛውም ሸክላ አፈር ውስጥ በገፍ አለ፣ ግን ድንጋይ ሆኖ ስለታሰረ ተክሉን አይነካም። አሲዱ ሲበረታ ይሟሟል፣ የሟሟው ደግሞ የስሩን ጫፍ ነው የሚመታው፣ ስሩ ማደግ ያቆማል፣ ይወፍራል ይደነድናል፣ ትንንሾቹ ቅርንጫፍ ስሮች አይወጡም። ተክሉ ላይኛው 15 ሳንቲሜትር ውስጥ ታስሮ ይቀራል ማለት ነው፣ ከታች እርጥበት እያለ መድረስ አይችልም። አንተ ድርቅ ነው ትላለህ፣ ውሃው ግን እግሩ ስር አለ።

ወይን ጠጅ ቀለሙ ፎስፈረስ ነው የሚመስለኝ። አሲዳማ አፈር ላይ ፎስፈረስ ስትጨምር ብረቱና አሉሚኒየሙ ይይዙታል፣ ተክሉ የሚያገኘው ጥቂቱን ነው። ባቄላው ቢጫ የሆነው ደግሞ ስሩ ላይ የሚቀመጡት ናይትሮጅን ሰሪ ባክቴሪያዎች አሲድ ስለማይችሉ ነው፣ ባክቴሪያዎቹ የሚፈልጉት ሞሊብደነም የሚባል ንጥረ ነገርም አሲድ ላይ ተክሉ አያገኘውም። አንዷ ችግር አራት በሽታ መስላ ነው የምትታየው፣ ለዛ ነው ሰው ለእያንዳንዱ ሌላ ሌላ መድሀኒት የሚገዛው።

ፒኤች አንድ ነጥብ ወረደ ሲባል ትንሽ እንዳይመስልህ፣ 5 ከ6 አስር እጥፍ አሲድ ነው፣ ከ7 መቶ እጥፍ።

ማሳው_ዳር፦
ወንድሜ ይሄ ሁሉ በዩሪያው ነው እያልከኝ ነው?

ስር_ሰደድ፦
በሱ ብቻ አይደለም፣ ዝናብ የሚበዛበት መሬት በራሱ ጊዜ ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ እየታጠበ አሲድ ይሆናል፣ ገለባውንም ጠራርገህ ስትወስድ የመሬቱን ማርከሻ አብረህ ነው የምትወስደው። ግን ዩሪያው ድርሻ አለው፣ ቁጥሩን እናስላው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው፣ በተለመደው ስሌት ከዩሪያ የሚመጣ 1 ኪሎ ናይትሮጅን የሚፈጥረውን አሲድ ለመግደል 1.8 ኪሎ ንፁህ ኖራ ገደማ ይፈልጋል። 2 ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 92 ኪሎ ናይትሮጅን አለ፣ ስለዚህ በሄክታር በአመት 166 ኪሎ ገደማ። ይሄን በ9 አመት ብታባዛው ወደ 15 ኩንታል ኖራ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ትንሽ ነበር የምትጨምረው ስለዚህ ከዛ ያንሳል፣ አካሄዱን ግን አይተኸዋል። አሞኒየም ሰልፌት ቢሆን ኖሮ ደግሞ በ1 ኪሎ ናይትሮጅን 5.4 ኪሎ ነው፣ ሶስት እጥፍ።

አንድ ነገር ግን ልብ በል፣ አሲዱ የሚቀረው በተለይ ናይትሬቱ (ዩሪያው አፈር ውስጥ ተለውጦ የሚሆነው) ታጥቦ ሲሄድ ነው። ተክሉ በጊዜው ከጠጣው ስሩ ራሱ አሲዱን የተወሰነ ይመልሰዋል። ስለዚህ 2 ኩንታል በአንድ ጊዜ ዘርተህ ዝናብ እንዲወስደው ከማድረግ ከፋፍለህ ተክሉ በሚፈልግበት ሰአት መስጠት ምርትም ነው አፈርም ነው። የቀጨጨ ስር ላለው ገብስ ዩሪያ መጨመር ደግሞ አፉ ለታመመ ሰው ምግብ መቆለል ነው፣ አይበላውም፣ የተረፈው ታጥቦ አሲድ ያመጣል፣ አሲዱ ደግሞ ስሩን ያሳጥረዋል። ክብ ውስጥ ነው የገባኸው።

ጥያቄ_አለኝ፦
ይሄ ነገር የተረጋገጠ ነው ወይስ ግምት? እኛ ጋ ማዳበሪያ አፈር ያበላሻል የሚለውን እንደ ወሬ ነው የማየው።

ስር_ሰደድ፦
እንግሊዝ ሀገር ሮትሃምስተድ የሚባል የምርምር ጣቢያ ላይ ፓርክ ግራስ የሚባል የሳር መሬት አለ፣ ከ1856 ጀምሮ እስከዛሬ አንድ አይነት ማዳበሪያ በአንድ አይነት ቦታ እየተጨመረ ይጠናል። አሞኒየም ሰልፌት ያለ ኖራ ሲሰጣቸው የኖሩት ቁራጮች ፒኤቻቸው ከ4 በታች ወርዷል፣ ብዙ አይነት ዕፅ የነበረበት መሬት ላይ ዛሬ የቀሩት አሲድ የሚችሉ ጥቂት ሳሮች ናቸው። እዛው አጠገቡ ናይትሮጅኑ በናይትሬት መልክ የተሰጠው ቁራጭ እንደዛ አልሆነም። ስለዚህ ወሬ አይደለም፣ ግን "ማዳበሪያ አፈር ያበላሻል" ብሎ መጠቅለሉም ትክክል አይደለም፣ የትኛው፣ ስንት፣ ማርከሻው አብሮ አለ ወይ ነው ጥያቄው።

አረንጓዴ_ተስፋ፦
እኔ ኖራ ኖራ የሚለው ነገር ያሳስበኛል። ኖራ ማምጣትም መፍጨትም ማጓጓዝም ከባድ ነው፣ አፈር ውስጥ ሲገባም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ኮምፖስት፣ ፍግ፣ አመድ፣ የሰብል ቅሪት መመለስ ለምን አይሆንም? እኔ የጓሮ መሬቴን በኮምፖስት ብቻ ነው ያስተካከልኩት፣ ዛሬ እጅህን ብትከት እስከ ክንድህ ይገባል።

ስር_ሰደድ፦
እኔም ካንተ ጋ በግማሹ እስማማለሁ ወንድሜ፣ ካርቦኑም እውነት ነው። የበሰለ ኮምፖስት የሟሟውን አሉሚኒየም ይዞ ያስረዋል፣ ስለዚህ ፒኤቹ ብዙ ሳይለወጥ እንኳ ስሩ ይተነፍሳል። አመድ ደግሞ እውነተኛ ማርከሻ ነው፣ ፖታሲየምም አለበት። ችግሩ መጠኑ ነው። የእንጨት አመድ አቅሙ እንደ እንጨቱና እንደ አቃጠሉ በጣም ይለያያል፣ ብዙ ጊዜ የንፁህ ኖራ ከሩብ እስከ ግማሽ ነው። ላንተ ጓሮ ይበቃል። ለእርሻ ማሳ ግን ለምሳሌ 30 ኩንታል ኖራን በአመድ ልተካ ብትል ከ60 እስከ 120 ኩንታል አመድ መፈለግህ ነው፣ ከየት ይመጣል? ለዛ ተብሎ ዛፍ ከተቆረጠ ደግሞ ጥፋቱ ይብሳል።

እኔ የማምነው ኖራው ጉድጓዱን ይሞላልሃል፣ ኮምፖስቱና ቅሪቱ ተመልሰህ እንዳትገባ ይጠብቅሃል። አንዱን ብቻ ይዘህ አታዘልቀውም። አደራ ግን አመድም ኖራም ከዩሪያ ወይ ከትኩስ ፍግ ጋ በአንድ ቀን አትቀላቅሉ፣ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናል፣ ሽታው ራሱ አፍንጫህን ይነግረዋል።

አረንጓዴ_ተስፋ፦
እሺ በዚህ እንስማማለን። የሰብል ቅሪቱን ነገር ግን አጥብቃችሁ ንገሩት፣ ገለባ ጠራርጎ ወስዶ ኖራ መግዛት እኔን ያንገበግበኛል።

ዘር_ብዜት፦
አንድ ነገር ልጨምር። አሲድ የሚችሉ ዝርያዎችም አሉ። ስንዴ ውስጥ አንዳንዱ ዝርያ በስሩ ጫፍ ማሌት የሚባል አሲድ ነገር ያወጣና አሉሚኒየሙን ከስሩ ውጪ ያስረዋል፣ በተክል ውስጥ የአሉሚኒየም መቋቋሚያ ዘረመል ለመጀመሪያ ጊዜ የተለየው ከስንዴ ነው በ2004። ሰብልም ከሰብል ይለያል፣ አጃ ይችላል፣ ገብስ አይችልም፣ አልፋልፋ ጭራሽ አትሞክረው። ሻይ ደግሞ አሲድ ነው የሚፈልገው፣ ኖራ ብትሰጠው ትጎዳዋለህ። ድንችም በመጠኑ አሲድ ይችላል፣ ኖራ በበዛበት መሬት ቅርፊቱ ላይ እከክ ያወጣል፣ ስለዚህ ድንች ለመዝራት ያሰበ ሰው ኖራውን ከድንቹ በኋላ ባለው አመት ቢያደርገው ይሻላል።

ግን የሚችል ዝርያ ዘርቶ አፈሩን መርሳት ነገ ዋጋ ያስከፍላል። አፈሩ መውረዱን አያቆምም፣ የሚችለውም ዝርያ የሚችልበት ወሰን አለው። ኖራው እስኪሰራ ድረስ እንደ መሻገሪያ ያዘው።

ማሳው_ዳር፦
ጉድጓዱን ቆፈርኩ። ሶስት ቦታ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምፅፈው ማለት ይቻላል።

ላይኛው 16 ወይ 17 ሳንቲሜትር ድረስ ስር አለ። ከዛ በታች ምንም የለም። ስሮቹ እዛች መስመር ላይ ሲደርሱ ወደ ጎን ይታጠፋሉ፣ ጫፋቸው ወፈር ብሎ ቡናማ ሆኗል፣ ፀጉር የመሰሉት ቀጫጭን ስሮች የሉም። ከታች ያለውን አፈር በእጄ ስጨብጠው እርጥብ ነው፣ ይጠቀለላል! ላዩ ላይ ያለው ገብስ ግን ጠውልጓል። 9 አመት ከላይ ከላይ ነው ሳየው የኖርኩት። መጀመሪያ የእርሻ ማረሻ ያደነደነው መስሎኝ በብረት ወጋሁት፣ ብረቱ ዝም ብሎ ይገባል፣ የደነደነ አይደለም።

ጋሽ_ሞፈር፦
አይዞህ ልጄ። ያየኸውን ብዙ ሰው ሳያየው መሬቱን ጥሎ ይሄዳል። መፍትሄ ያለው በሽታ ነው።

የላብ_ልጅ፦
በብረት መውጋትህ ጥሩ አድርገሃል፣ ብዙ ሰው የደነደነ አፈርን ከአሲድ ጋ ያምታታዋል። አሁን ናሙና ስትልክ ሁለት አድርገው፣ ከ0 እስከ 20 አንድ፣ ከ20 እስከ 40 አንድ።

ማሳው_ዳር፦
ውጤቱ መጣ። ላይኛው፦ በውሃ 5.0፣ በጨው 4.1፣ ኤክስቼንጀብል አሲዲቲ 2.0። ታችኛው፦ በውሃ 4.8፣ አሲዲቲው 2.6። ከዚህ ወዴት?

ስር_ሰደድ፦
ጎበዝ። አሁን እንስራው፣ ሌላውም ሰው በራሱ ቁጥር መስራት እንዲችል ቀስ ብዬ ልሂድ።

1 ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። ኖራውን እስከ 15 ሳንቲሜትር ነው የምትቀላቅለው ብንል 1,500 ሜትር ኩብ አፈር ነው፣ የአንድ ሜትር ኩብ ክብደት 1.2 ቶን ብንይዝ 1,800 ቶን አፈር። አሲዲቲ 1 ሲሆን (ላብ በሴንቲሞል በኪሎ የሚሰጠው ቁጥር ነው) ለእያንዳንዱ ኪሎ አፈር ግማሽ ግራም ንፁህ ካልሲየም ካርቦኔት ያስፈልጋል፣ ስለዚህ 900 ኪሎ። ያንተ 2 ስለሆነ 1,800 ኪሎ። ግን ሜዳ ላይ ኖራው ሙሉ በሙሉ አይሰራም፣ ሌላም የተደበቀ አሲድ ይወጣል፣ ስለዚህ በ1.5 ይባዛል፣ 2,700 ኪሎ። የምትገዛው ኖራ የማርከስ አቅሙ 90 በመቶ ከሆነ 2,700ን ለ0.9 ስታካፍለው 3,000 ኪሎ፣ 30 ኩንታል በሄክታር። እስከ 20 ሳንቲሜትር አጥልቀህ ማረስ ከቻልክ ደግሞ አፈሩ ስለሚበዛ 40 ኩንታል። በቃ ያ ሰው 10፣ ይሄኛው 50 የሚሉህ ሁለቱም በየራሳቸው አፈር ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፣ አሸዋማ መሬት ባለ ተመሳሳይ ፒኤች ከሸክላ መሬት በጣም ያነሰ ኖራ ነው የሚጠጣው።

6.5 የሚለውን እርሳው። ይሄ መጠን አሉሚኒየሙን ለመግደል ነው፣ በውሃ 5.5 ተሻግረህ ወደ 6 ከተጠጋህ ለገብስም ለባቄላም ብዙው ነገር ይፈታል። በአንድ ጊዜ 6.5 ልድረስ ብለህ ከልክ በላይ ብትጨምር ጋሽ ሞፈር ያዩት በቆሎ ነው የሚመጣብህ።

ሌላው ኖራው ምን ያህል የደቀቀ ነው የሚለው ነው። ኖራው ሩብ ሚሊሜትር በሆነ ወንፊት የሚያልፍ ዱቄት ከሆነ በአመት ውስጥ ይሰራል፣ ከ2 ሚሊሜትር በላይ የሆነ ጠጠር ግን ጠጠር ሆኖ ይቀራል፣ ኩንታሉ ላይ ይቆጠርብሃል እንጂ አይጠቅምህም። በጣትህ መሀል አሽተህ ሞክረው፣ ዱቄት ካልመሰለህ ተጠራጠር።

ማሳው_ዳር፦
ለግንባታ የሚሆነው ኖራስ? እሱ ቶሎ ይሰራል ይላሉ።

ስር_ሰደድ፦
ይሰራል፣ እንደውም ሀይለኛ ነው፣ ያልበረደው ኖራ በክብደቱ የንፁህ ካርቦኔት 1.8 እጥፍ ገደማ አቅም አለው፣ የበረደው 1.35 አካባቢ። ግን ያቃጥላል። አይንና ሳንባ አይመለስም ወንድሜ። የኖራ ድንጋይ ዱቄት እየቻልክ ወደሱ አትሂድ፣ እሱም ቢሆን ነፋስ በሌለበት ጠዋት አፍና አፍንጫህን ሸፍነህ፣ መነፅር አድርገህ በትን።

ጥያቄ_አለኝ፦
የታችኛው አፈርስ? 20 ሳንቲሜትር በታች ኖራ ካልገባ ስሩ መቼ ይወርዳል?

ስር_ሰደድ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ከባዱም እሱ ነው። ኖራ ወደታች ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ አመታት ይፈጃል። ጄሶ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። ጄሶ ፒኤች አይጨምርም፣ ይሄን ደጋግሜ እላለሁ ምክንያቱም ብዙ ሰው ካልሲየም አለው ብሎ በኖራ ፋንታ ይገዛዋል፣ አሲዱን የሚገድለው ካልሲየሙ አይደለም ካርቦኔቱ ነው። ግን ጄሶ ከዝናብ ጋ ይወርዳል፣ ካልሲየሙን ወደታች ይዞ ይሄዳል፣ ሰልፌቱ የአሉሚኒየሙን መርዝ ያበርደዋል፣ ስሩ ወደታች መንገድ ያገኛል። ብራዚል ሴራዶ የሚባለው ሰፊ አሲዳማ መሬት ላይ በኖራ፣ በፎስፈረስና በጄሶ ነው ትልቁን ለውጥ ያመጡት፣ ኤምብራፓ የሚባለው የምርምር ድርጅታቸው በ1973 ከተቋቋመ በኋላ ብዙ ተሰርቶበታል፣ ለዚህ መሬት መልማት የደከሙ ሶስት ሰዎች በ2006 የአለም የምግብ ሽልማት ወስደዋል። ከዛ በፊት ለእርሻ አይሆንም የሚባል መሬት ነበር።

ላንተ ማሳ ግን መጀመሪያ ላይኛውን በኖራ፣ ጄሶን በሚቀጥለው እናየዋለን። ሁሉን በአንዴ ካደረግከው የትኛው እንደሰራ አታውቅም።

ጋሽ_ሞፈር፦
ሁለት ነገር ስማኝ። አንድ፣ ከዘር በፊት ቢያንስ አንድ ሁለት ወር ቀድመህ በትነህ እረሰው፣ ግማሹን በትነህ እረስ፣ ቀሪውን በአግድሙ በትነህ ድገም፣ አንድ ቦታ አይከመርም። ሁለት፣ አንድ ስድስት ሜትር የሚሆን ቁራጭ ኖራ ሳታደርግ ተውለት። ለራስህ ምስክር ነው። እኔ አልተውኩም ነበር፣ ዝናቡ ነው ኖራው ነው ሲሉኝ መልስ አጣሁ።

ማሳው_ዳር፦
እሺ ጋሼ እንዳሉኝ አደርጋለሁ፣ እግዜር ያክብርልኝ። አቅሜ የፈቀደው 1 ሄክታሩን ነው፣ 30 ኩንታል። ሌላው ሄክታር ላይ ዩሪያውን ከፋፍዬ እሰጣለሁ፣ ገለባውንም ግማሹን እተዋለሁ።

(ከ7 ወር በኋላ)

ማሳው_ዳር፦
እንደጠፋሁ አትዩብኝ፣ የምነግራችሁ ነገር እስካገኝ ነው የቆየሁት። ኖራውን ከዘር 2 ወር ቀድሜ በሁለት ዙር በተንኩ፣ በሁለት አቅጣጫ አረስኩት። ባቄላ ዘራሁበት ሆን ብዬ፣ በጣም የጎዳኝ እሱ ስለነበር። መሀል ላይ 6 ሜትር ቁራጭ ያለ ኖራ ተውኩ።

የመጀመሪያው ወር ምንም ልዩነት አልነበረም፣ ተስፋ ልቆርጥ ነበር። ከ6 ሳምንት በኋላ ቁራጩ ከሩቅ ይለይ ጀመር፣ ግራና ቀኙ ጥቁር አረንጓዴ፣ መሀሉ ነጣ ያለ። ትናንት ከሁለቱም አምስት አምስት ባቄላ በአካፋ ከነአፈሩ አውጥቼ ባልዲ ውሃ ውስጥ አጠብኳቸው (አዲስ ባልዲ ነው የላብ_ልጅ!)። ኖራ ካልነካው የወጣው ስሩ ላይ ጥቂት የስንዴ ፍሬ የማያክሉ ነጫጭ እብጠቶች፣ በጥፍሬ ስከፍላቸው ውስጣቸው አረንጓዴ ነገር ነው። ኖራ ያገኘው ግን ስሩ ላይ ተንጠልጥለው ሞልተዋል፣ ስከፍላቸው ቀይ ሮዝ ናቸው፣ ጣቴን አቀለመው። ስሩ 24 ሳንቲሜትር ወርዷል፣ ለካሁት።

የላብ_ልጅ፦
ሮዝ መሆኑ ባክቴሪያዎቹ ናይትሮጅን እየሰሩ ነው ማለት ነው፣ ነጭና አረንጓዴው አይሰራም። እንዴት ደስ እንዳለኝ! እንግዲህ ለባቄላውም ከሱ በኋላ ለሚመጣው ስንዴም ዩሪያውን ቀንስ፣ የሚቀጥለውን አሲድ ቀድመህ ታስቀረዋለህ።

ማሳው_ዳር፦
ስንዴው ላይ ወደ 1 ኩንታል ላወርደው ነው፣ በሁለት ጊዜ ከፍዬ። ናሙናውን መቼ ልድገም?

የላብ_ልጅ፦
ከምርት በኋላ አፈሩ ሳይታረስ፣ ያለፈውን በወሰድክበት ወቅት፣ ከኖራውም ከቁራጩም ለየብቻ። ወቅቱ ከተለያየ ፒኤቹ በራሱ ስለሚዋልል ማወዳደር አትችልም። ከዛ በኋላ በየ2 ወይ 3 አመቱ ይበቃል። ወረቀቱን ደግሞ አትጣለው፣ በውሃ ነው በጨው የሚለውን ላዩ ላይ በእስክሪብቶ ፃፍበት።